አልፍሬድ ሂችኮክ፤ የልብ ሰቀላ ባለሙያ

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ሌይተንስቶን በተባለ ሰፈር ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አትክልትና ዶሮ እየሸጠ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ሂችኮክ ደጋግሞ እንደተረከው፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በሠራው ጥፋት አባቱ ወረቀት አስይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ላከው። ፖሊሱም ወረቀቱን አንብቦ ለጥቂት ደቂቃዎች እስር ክፍል ውስጥ ዘጋበት። ሕፃኑ ከክፍሉ ቶሎ ቢወጣም ፍርሃቱ ግን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። ያለ ጥፋቱ የሚሳደድ ሰው በፊልሞቹ ውስጥ ደጋግሞ መታየቱ ምናልባት ከዚሁ የመነጨ ይሆናል።

አባቱ በ1914 ሞተ፤ ሂችኮክም በአንድ የቴሌግራፍ ሽቦ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠራ። ሥዕል ይችል ስለነበር ወደ ፊልም ሥራ የገባው ጽሑፍ በመንደፍ ነው። በዚያን ጊዜ ፊልም ድምፅ ስላልነበረው፣ የታሪኩ ሐሳብ በጽሑፍ ተነድፎ በሸራው ላይ ይታይ ነበር። ሂችኮክም ያለ ንግግር፣ በሥዕል ብቻ ታሪክ መተረክን በዚህ ሥራ ተማረ። በ1924 ወደ ጀርመን ሄዶ የዚያን ሀገር አዘጋጆች የብርሃንና የጥላ አጠቃቀም ተመለከተ። በ1926 ያገባት አልማ ሬቪልም በፊልም ቅንብር የሠለጠነች፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተለየችው የሥራ አማካሪው ነበረች።

የሂችኮክን ዘዴ በሀገራችን ምሳሌ እንየው። ከነፋስ መውጫ ወጣ ባለ መንደር፣ አንዲት ልጃገረድ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች እንበል። ከገደሉ ሥር ነብር ድንገት ቢዘልባት ተመልካቹ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ወዲያው ያልፋል። ነገር ግን ነብሩ አድፍጦ ሳለ አስቀድሞ ለተመልካቹ ብቻ ቢታይስ? ልጅቱ እያንጎራጎረች አንድ እርምጃ በተራመደች ቁጥር፣ እንስራዋን ለማስተካከል ቆም ባለች ቁጥር የተመልካቹ ልብ ይንጠለጠላል። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው፤ ሁለተኛው ልብ ሰቀላ ይባላል። ልዩነቱ በአደጋው ትልቅነት አይደለም። ተመልካቹ የሚያውቀውን ባለታሪኳ አለማወቋ ነው።

ሂችኮክ በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ይህን ዘዴ ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሰው። በ1954 ባዘጋጀው ‹‹ሪር ዊንዶው›› በተባለው ፊልም፣ እግሩ የተሰበረ ፎቶግራፍ አንሺ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጎረቤቶቹን በመስኮት ይመለከታል። ወዳጁ በነፍስ ግድያ ወደተጠረጠረው ጎረቤት ቤት ሰርጋ ስትገባ፣ የቤቱ ባለቤት ሲመለስ ያያል፤ ግን ሊረዳት አይችልም። ተመልካቹም ከእርሱ ጋር በወንበሩ ላይ ታስሮ ይጨነቃል።

በ1960 የወጣውን ‹‹ሳይኮ›› ለመሥራት ሲነሣ የፊልም ኩባንያው በገንዘብ ሊደግፈው አልፈቀደም። እርሱ ግን በራሱ ወጪ፣ ከቴሌቪዥን ሠራተኞች ጋር፣ በጥቁርና ነጭ ሠራው። ዋና ገጸ ባሕርይ የምትመስለው ሴት ፊልሙ ሳይጋመስ ትገደላለች። የግድያው ትዕይንት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቢሆንም ለመቅረጽ አንድ ሳምንት ገደማ ወስዷል። ቢላዋው ሲወጋ በግልጽ የሚታይ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን የሚሞላው የተመልካቹ አእምሮ ነው። ሂችኮክ ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ ሊተወው አስቦ ነበር፤ በርናርድ ሄርማን የደረሰውን የቫዮሊን ጩኸት ከሰማ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ።

ዘዴው ለተከታዮቹ ትምህርት ቤት ሆነ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ በ1962 ስለ ሥራው በሰፊው ጠይቆት ውይይቱን በመጽሐፍ አሳተመ። ብራያን ደ ፓልማ የእርሱን ፈለግ በግልጽ ተከተለ። ስቲቨን ስፒልበርግም በ1975 በሠራው ‹‹ጆውስ›› አስፈሪውን ዓሣ ለረጅም ጊዜ ሳያሳይ፣ በውሃው እንቅስቃሴና በሙዚቃ ተመልካቹን አስጨነቀ።

ሂችኮክ በአዘጋጅነት ለኦስካር ሽልማት አምስት ጊዜ ቢታጭም አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ከ50 የሚበልጡ ፊልሞችን ትቶ በ1980 በ80 ዓመቱ አረፈ። ሽልማቱ ቢቀርበትም፣ ዛሬ ልብ የሚሰቅል ፊልም ሊሠራ የሚነሣ ወጣት ሁሉ ከእርሱ የሚማረው አለ፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ደም ሳይሆን፣ ማን ምን መቼ እንደሚያውቅ መወሰን ነው።

መልመጃ
1. በድንጋጤና በልብ ሰቀላ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ቃላት አስረዱ።
2. በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ ተረት፣ አደጋውን አንባቢው አስቀድሞ እንዲያውቅ አድርጋችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።