ልጅ ሳይወልዱ ልጆች የቀበሯቸው ሰው
የሚልተን ሄርሺና የከተማቸው ታሪክ

በዚህች መጽሔት ላይ አንድ ነገር እንድንጽፍ በተጠየቅን ቁጥር ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ስንጽፍ ኖረናል። ዘንድሮ ግን ራቅ ብለን ስለ አንድ የአሜሪካን አገር ከረሜላ ሠሪ ልናወጋችሁ አሰብን። ከእኛ ጋር ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ያሳለፍን ጡረተኛ ነን፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። የእኚህም ሰው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ወሬያቸውን መከታተል የጀመርነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጨረሻው ግን ከእድር ጉዳይ ላይ ጣለን። ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሚልተን ሄርሺ በመስከረም ወር 1857 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ደሪ በሚባል የገበሬዎች አገር ተወለዱ። አባታቸው አንዱን ሥራ ጀምረው ሳይጨርሱ ወደ ሌላው የሚዘሉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ቤተ ሰቡ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ልጁም ትምህርት ቤት ሲለዋውጥ ኖሮ በአራተኛ ክፍል አቋረጠ። መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር፤ አልሆነለትም፣ ተባረረ። ቀጥሎ እናቱ ላንካስተር በምትባል ከተማ ከአንድ ከረሜላ ሠሪ ዘንድ አስገቡት። በዚያ አራት ዓመት ያህል ስኳር ማፍላትን ተማረ። እስካሁን ልጅ ነበርና አንተ አልነው፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ እንላቸዋለን።

በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ የራሳቸውን የከረሜላ ሱቅ ከፈቱ። ስድስት ዓመት ለፍተው ከሰሩና ዘጉት። ከዚያ ወደ ዴንቨር ሄደው ከሌላ ከረሜላ ሠሪ ዘንድ ተቀጠሩ፤ ትኩስ ወተት ሲገባበት ከረሜላው እንደሚጥምና እንደማይበላሽ የተማሩት እዚያ ነው። ኒውዮርክም ሞከሩ፤ እሱም ከሰረ። በ1886 ባዶ እጃቸውን ወደ ላንካስተር ሲመለሱ ዘመዶቻቸው ፊታቸውን አዞሩባቸው። ያልጨከኑባቸው እናታቸውና አክስታቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት እንደገና ጀመሩ፤ የወተቱ ከረሜላ ያን ጊዜ ያዘላቸው። በ1893 ቺካጎ ላይ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን የጀርመን የቸኮላት መኪና አይተው ገዙ፤ በማግስቱ ዓመትም የቸኮላት ኩባንያ አቋቋሙ። በ1900 የከረሜላውን ፋብሪካ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠው ቸኮላቱን ብቻ ለራሳቸው አስቀሩ። በወተት የተሠራ ቸኮላት በዚያን ጊዜ የባለጠጋ ምግብ ነበር። እሳቸው ግን በአምስት ሳንቲም ሸጡት፤ መጠኑ ከፍና ዝቅ ቢልም ዋጋው እስከ 1969 ድረስ አልተነካም።

እንግዲህ ወደ ከተማው እንምጣ። በ1903 ሄርሺ በተወለዱበት በደሪ፣ በበቆሎ ማሳ መካከል፣ ፋብሪካ አስጀመሩ። ሰው እብደት ነው አለ። እሳቸው ግን ወተቱ ከገበሬው ደጅ እንደሚገኝ፣ ውኃውም እንዳለ፣ ሠራተኛውም ከዚያው አገር እንደሚወጣ አስልተው ነበር። ፋብሪካው በ1905 አለቀ። በዙሪያውም ዛፍ የተተከለባቸው መንገዶች፣ ለሠራተኛው መኖሪያ ቤት፣ ባንክ፣ የከተማ ባቡር፣ መናፈሻ ተሠራ። ዋናውን መንገድ ቸኮላት ጎዳና አሉት፤ የሚያቋርጠውን ካካዎ። ሌሎቹንም ካራካስ፣ ትሪኒዳድ፣ ጃቫ፣ ሲሎን እያሉ ካካዎ በሚበቅልባቸው አገሮች ስም ጠሩ። ከተማውም በስማቸው ሄርሺ ተባለ።

በ1898 ካትሪን የተባሉ ሴት አግብተው ነበር። ልጅ ግን አልሰጣቸውም። ስለዚህ በኅዳር 1909 ባልና ሚስት ተፈራርመው አባት ለሞተባቸው ወንዶች ልጆች ተማሪ ቤት አቋቋሙ። በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች ገቡ። ልጆቹ እንደ ቤተ ሰብ በቤት በቤት ሆነው ከአሳዳጊዎች ጋር ይኖራሉ፤ ላም ያልባሉ፤ ትምህርትና የእጅ ሥራ ይማራሉ። እውነቱን ለመናገር ውሉ ነጭ ልጆችን ብቻ ነበር የሚቀበለው። ይህ የዘር ገደብ የተነሣው ሁለቱም ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሴቶች ልጆችም የገቡት በ1970ዎቹ ነው። ጉድለቱንም ጨምረን የጻፍነው ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩውን ብቻ ማውራት የእድር ልማድ ስለ ሆነብን ነው።

በ1912 ባልና ሚስቱ ከአውሮፓ ሲመለሱ በታይታኒክ መርከብ ሊሳፈሩ ቀብድ ከፍለው ነበር። ሥራ ጠርቷቸው ቀደም ብላ በምትነሣ የጀርመን መርከብ መጡና ተረፉ። ይሁን እንጂ ካትሪን ብዙ ዘመን ሲያማቸው ቆይቶ በ1915 ዐረፉ። ሄርሺ ሌላ ሚስት አላገቡም። በ1918 ደግሞ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚገመተውን የኩባንያ ድርሻቸውን ለተማሪ ቤቱ አወረሱ። በሕይወት ሳሉ ነው የሰጡት፣ ልብ በሉ። ለማንም ሳይለፍፉ ስለ ቀሩ ዓለም ወሬውን የሰማው በ1923 ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማው ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤትም ከንቲባም አልነበረውም። ሥራውም፣ ቤቱም፣ ባንኩም የአንድ ሰው ነበር። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ኑሮ ሲወድቅና ሠራተኛ በየአገሩ ሲበተን፣ ሄርሺ ሆቴል፣ የሕዝብ አዳራሽና የስፖርት ሜዳ እያሠሩ የአካባቢያቸውን ሰው በሥራ አቆዩ። ሆኖም በሚያዝያ 1937 ሠራተኞች ማኅበራችን ይታወቅልን ብለው ፋብሪካው ውስጥ ተቀምጠው አደሙ። ወተታቸው የተበላሸባቸው ገበሬዎችና ያላደሙት ሠራተኞች ገብተው እየደበደቡ አስወጧቸው። የአንድ አገር ልጆች ደም ተፋሰሱ። ሽማግሌው ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ይህን አዩ። ሰው ቤትና መናፈሻ ቢሰጠውም በራሱ ጉዳይ መጠየቅንም ይፈልጋል።

ሚልተን ሄርሺ በጥቅምት 1945 በ88 ዓመታቸው በከተማቸው ዐረፉ። ሬሳቸውን የተሸከሙት የተማሪ ቤቱ የመጨረሻ ክፍል ልጆች ናቸው። ከሚስታቸው ጎን ተቀበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን አባት የሞተባቸው ልጆች እንደ አባት ቀበሯቸው።

ከሞቱም በኋላ የተከሉት አልተነቀለም። በ1963 ከትተውት ከሄዱት ሀብት 50 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ በከተማው የሕክምና ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እንዲሠራ ተሰጠ። በ2002 የተማሪ ቤቱ ንብረት ጠባቂዎች ኩባንያውን ሊሸጡ ሲነሡ፣ የከተማው ሕዝብና የድሮ ተማሪዎች ተቃውመው አስቀሩት። የጥንቱ ፋብሪካ በ2012 ተዘጋ፤ ሥራው እዚያው ከተማ ወዳለ ሌላ ፋብሪካ ዞረ። ተማሪ ቤቱ ግን ዛሬም ልጆች ያሳድጋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የእድሩን መዝገብ ብዙ ዓመት ይዘናል። የሟች ስም፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ድንኳኑ የተመለሰበት ቀን ይጻፍበታል። ሟች ስንት ልጅ እንደ ተወ የሚጻፍበት መስመር ግን የለውም። አንድ ቀን በትምህርት ሰዓት አንድ ልጅ ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ ከረሜላ ግዙኝ አለን። የማን ልጅ ነህ ብንለው የነገረን ስም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በገዛ እጃችን የጻፍነው ስም ነበር። ንፍሮውን በልተናል፣ ሦስት ቀን ተቀምጠናል፣ ሒሳቡንም ዘግተናል። ልጁን ግን አልመዘገብነውም። ከረሜላውን ገዝተን አፍረን ሄድን።

እኛ ስድሳ ሚሊዮን ዶላር የለንም። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሄርሺ ሃምሳውን ሎሚ ብቻቸውን ተሸከሙ፤ ሸክሙም፣ ቅሬታውም የእሳቸው ሆነ። የእኛ ግን የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ይናገርበታል። ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው፦ በመዝገቡ ላይ ለልጆቹ ስም አንድ መስመር ይጨመር፤ ከወርሃዊ መዋጮውም ላይ ለደብተርና ለእርሳስ የምትሆን ጥቂት ሳንቲም ትለይ። መስመሩን እኛው እናሰምራለን፤ እጃችን እስካሁን አልተንቀጠቀጠም።

ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።