ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ፤ የቶም ምቦያ ታሪክ

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ትምህርት ተምረው፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፥ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ፥ አንደኛው በቆዳው ቀለም ምክንያት ከጓደኛው ያነሰ ደመወዝ ሲከፈለው፥ ከገንዘቡ ጋር ክብሩም ይጐድልበታል። ይህን ጉድለት በወጣትነቱ በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ቀምሶ የሠራተኞችን ማኅበር ያቋቋመ፥ ኋላም ራሱ የሥራ ሚኒስትር ለመሆን የበቃ አንድ ኬንያዊ ነበር። እርሱም ቶም ምቦያ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ ልናወሳ እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቶም ምቦያ የተወለደው ኦገስት 15 ቀን 1930 ዓ.ም. በቲካ አካባቢ፥ ኪሊማ ምቦጎ በተባለ ስፍራ ነው። ቤተ ሰቡ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ከምትገኘው ከሩሲንጋ ደሴት የመጣ የሉዎ ተወላጅ ሲሆን፥ አባቱ በአንድ ነጭ ባለርስት የቃጫ እርሻ ላይ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ነበር። ልጁ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወረ ከተማረ በኋላ ማንጉ ወደሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን የአባቱ ደመወዝ ለእርሱም ለታናናሾቹም የትምህርት ክፍያ የሚበቃ ስላልነበረ፥ ከዚያ በላይ ሊገፋበት አልቻለም። ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. ወደ ጤና ተቆጣጣሪዎች ማሠልጠኛ ገባ፤ ትምህርቱንም ፈጽሞ በ1951 ዓ.ም. የናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሆነ።

የጤና ተቆጣጣሪ ሥራው ሆቴሉንና ሥጋ ቤቱን፥ የወተት መሸጫውንና የመኖሪያ ሰፈሩን እየዞረ ንጽሕናቸውን መመርመር ነው። ይህን ሥራ ነጮችም አፍሪካውያንም ይሠሩት ነበር፤ ደመወዛቸው ግን የተለያየ ነበር። በዚያን ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች፥ በ1948 ዓ.ም. በቀረበው የሆልምስ ኮሚሽን አሳብ መሠረት፥ አፍሪካዊው የመንግሥት ሠራተኛ ከነጩ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ቢይዝ እንኳ የሚከፈለው የነጩ ደመወዝ ከአምስት እጅ ሦስቱ እጅ ነበር። በማዘጋጃ ቤቱም ወጣቱ ምቦያ ያገኘው ይኸንኑ የመሰለ መድልዎ ነው።

ምቦያ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ከተረካቸው ነገሮች አንዱ ይህን ኑሮ በደንብ ያሳያል። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ብቻውን ሆኖ ሲሠራ፥ አንዲት ነጭ ሴት ለምርመራ የሚሆን ወተት ይዛ ገባች። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችና፥ ምቦያ ከፊቷ ቆሞ ሳለ፥ በዚህ ሰው የለም ወይ ስትል ጠየቀች። እርሱም ዓይንሽ ደኅና አይደለም ወይ የሚል መልስ ሰጣት። ሴትዮዋም ተቈጥታ አቤቱታዋን ለበላይ ለማሰማት ሄደች። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውን ቆሞ ሳለ እንደሌለ የሚቈጥር ዓይንና ለአንድ ሥራ ሁለት ደመወዝ የሚጽፍ መዝገብ ምንጫቸው አንድ መሆኑን ወጣቱ ያን ጊዜ ተረዳው።

በማዘጋጃ ቤቱ የአፍሪካውያን ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ነበረ። ይህ ማኅበር ከመለመን በቀር ሌላ ሥልጣን አልነበረውም፤ አሠሪው ሲፈቅድ ይሰማዋል፥ ሳይፈቅድ ይተወዋል። በ1952 ዓ.ም. ምቦያ የማኅበሩ መሪ ሆኖ ሲመረጥ፥ በሕግ የተመዘገበ፥ ከአሠሪው ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ለመደራደር የሚችል የሠራተኞች ማኅበር እንዲሆን ደከመ። የኬንያ የአካባቢ አስተዳደር ሠራተኞች ማኅበር የተባለው ድርጅት የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1952 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ መንግሥት በማው ማው እንቅስቃሴ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀ፤ አፍሪካውያን ተሰብስበው መነጋገራቸውም በብርቱ የሚያስጠረጥር ሆነ። ምቦያ በ1953 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቱን ሥራና የወር ደመወዙን ትቶ ወጣ። በዚያው ዓመት፥ ገና በ23 ዓመት ዕድሜው፥ የመላው ኬንያ የሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የአፍሪካውያን የፖለቲካ ማኅበር በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የአገሬው ሕዝብ በሕግ ተፈቅዶለት በአገር ደረጃ ብሶቱን የሚያሰማበት በር ፌዴሬሽኑ ብቻ ሆነ ለማለት ይቻላል። በአፕሪል 1954 ዓ.ም. ወታደሮች ናይሮቢን ከበው በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን ይዘው ወደ እስር ሰፈር ሲያግዙ፥ ከተያዙት መካከል የሠራተኞች መሪዎችም ነበሩባቸው። ምቦያ ያለ ክስ የታሰሩትን ሰዎችና የተበተኑትን ቤተ ሰቦች ጉዳይ ይዞ ለመንግሥትም ለውጭ አገር ማኅበራትም አቤቱታ ማቅረቡን አላቋረጠም።

የደመወዙን ጉዳይ በሚገባ ለመረዳት የኑሮውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። በከተማ የሚሠራው አፍሪካዊ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚተመነው ሚስትና ልጅ እንደሌለው ሰው ተቈጥሮ ነበር። ማደሪያም የሚሰጠው ቤት ሆኖ ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ የአንድ አልጋ ቦታ ሆኖ ነው። መንገድ ጠራጊው፥ ተላላኪውና የቢሮ ጸሐፊው ቤተ ሰባቸውን በገጠር ትተው በከተማ እንደ እንግዳ ይኖሩ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የካርፔንተር ኮሚቴ ዝቅተኛው ደመወዝ ለባለ ትዳር በሚበቃ መጠን ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል አሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት የሊድበሪ ኮሚሽን ለመንግሥት ሠራተኛ በዘር የተለየው የደመወዝ ስኬል እንዲቀር ሲያደርግ፥ ከውጭ አገር ለሚመጡት ግን ልዩ አበል እንዲጨመር ፈቀደ። መድልዎው በአንድ በር ወጥቶ በሌላ በር ሊገባ እንደሚችል ከዚህ እናያለን።

በማርች 1955 ዓ.ም. የሞምባሳ ወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ምቦያ ወደዚያ ሄዶ፥ ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፥ ጉዳዩም በግልግል ዳኝነት እንዲታይ አደረገ፤ ሠራተኞቹም የደመወዝ ጭማሪ አገኙ። ከዚህ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በኦክስፎርድ በሚገኘው በረስኪን ኮሌጅ የሠራተኛና የአሠሪን ግንኙነት ተማረ። በማርች 1957 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ስምንት የአፍሪካውያን ተመራጮች አንዱ ሆነ፤ በዲሴምበር 1958 ዓ.ም. በአክራ የተሰበሰበውን የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤ በ28 ዓመት ዕድሜው በሊቀ መንበርነት መራ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ 81 ተማሪዎችን በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ላከ። ነጻ አገር ያለ ተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ሊቆም እንደማይችል አስቀድሞ ዐውቆት ነበርና።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በ1962 ዓ.ም. ምቦያ የሥራ ሚኒስትር ሲሆን ነው። ትናንት ደመወዝ ጠያቂ የነበረው ሰው ዛሬ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠ። የነጻነቱ ቀን በቀረበበት በዚያ ወራት አድማ በዝቶ ነበር። በኦክቶበር 1962 ዓ.ም. መንግሥት፥ አሠሪዎችና ፌዴሬሽኑ አንድ ቻርተር ተፈራረሙ፤ በዚህም አሠሪዎች የሠራተኛውን ማኅበር ሊያውቁለት፥ ሠራተኞችም ሳይደራደሩ ድንገት ሥራ እንዳያቆሙ ቃል ገቡ። በ1964 ዓ.ም. ክርክሩን የሚዳኝ የሥራ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በ1965 ዓ.ም. ግን ማኅበራቱ ሁሉ መንግሥት በመሪዎቻቸው ምርጫ ላይ ሥልጣን ባገኘበት በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ፤ አድማ የማድረግ መብትም ጠበበ።

ምቦያ በዚህ ጊዜ የያዘው አሳብ፥ በአዲስ አገር ደመወዝተኛው ጥቂት፥ ገበሬውና ሥራ ፈቱ ብዙ ስለሆነ፥ የከተማው ሠራተኛ ድርሻውን ሲጠይቅ የቀረውን ሕዝብ ማሰብ አለበት የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በወጣበት መሰላል ሌላው እንዳይወጣ ከለከለ ብለው ወቀሱት። እኛ አሳቡን ከንቱ ነው አንለውም፤ ነገር ግን መንግሥት መሪ እንዲመርጥለት የፈቀደ ማኅበር ውሎ አድሮ ወደ ለማኝነቱ መመለሱ አይቀርም። በ1980 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት የገዛ ሠራተኞቹን ማኅበር ሲዘጋ፥ የሚከላከልለት ጠንካራ ክንድ አላገኘም።

ምቦያ ይህን ለማየት አልኖረም። ጁላይ 5 ቀን 1969 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፥ በዚያው ሰሞን ለሥራ መጥቶባት ከነበረችው ከአዲስ አበባ እንደ ተመለሰ፥ በናይሮቢ ዋና መንገድ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው ገና 38 ዓመት ነበር። ሥጋው በአባቶቹ ደሴት በሩሲንጋ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ደመወዙ እንዲስተካከልለት ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ ነገ ሹም ሆኖ የሌላውን ማመልከቻ ይቀበላል። በጠያቂነቱ ጊዜ ትክክል ነው ያለውን ሚዛን በፈራሚነቱም ጊዜ ሳይለውጥ መያዝ ይከብዳል። ምቦያን ያህል ሰው እንኳ ከብዶታል፤ ስለዚህ ወጣቱ ሚዛኑን ሹመቱ ሳይመጣ ከአሁኑ ይለማመደው እንላለን።