ከመጣል የተረፉ ፊልሞችና አንሪ ላንግልዋ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አንድ ፈረንሳዊ ሰው ሕይወት የጻፍኋትን ይህችን አጭር ጽሑፍ በአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሲኒማ ማለት ግርግርና ተኩስ ብቻ እየመሰለኝ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ኩሮሳዋ የተባለው ጃፓናዊ በ1952 የሠራውን ኢኪሩ የተባለውን ፊልም አንድ ወዳጄ ቤት አየሁ። ታሪኩ ሠላሳ ዓመት ማኅተም ሲመታ ኖሮ፥ መሞቻው መቃረቡን ባወቀ ጊዜ ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ሥፍራ ለማሠራት ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት የማዘጋጃ ቤት ሹም ታሪክ ነው። ቋንቋውን ሳላውቅ ሰውየውን ዐወቅሁት። ከዚያ ወዲህ የሕንዱንም፥ የኢጣልያኑንም፥ ድምፅ የሌለውንም ሳይቀር እየፈለግሁ ማየት ጀመርሁ። እንዲህ ያሉ አሮጌ ፊልሞች እስከ ዛሬ እንዴት ቈዩ ብዬ ስመረምር የአንሪ ላንግልዋን ስም አገኘሁ።

ላንግልዋ በ1914 የተወለደው በዮሐንስ ራእይ ስሟ በተጠራው በሰምርኔስ ነው፤ ዛሬ የቱርክ ከተማ ኢዝሚር የምትባለው ናት። በ1922 ከተማይቱ በእሳት ስትጠፋ ቤተሰቡ ኑሮውን በፓሪስ አደረገ። ልጁ ከትምህርቱ ይልቅ ሲኒማ ቤት ማዘውተርን መረጠ።

በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም ከወጣ ወዲህ ድምፅ አልባው ሁሉ እንደ ጉድፍ ተቈጠረ። ባለቤቶቹም በውስጡ ያለውን ብር ለማውጣት ያቀልጡት ጀመር። ወደ ጨረቃ ስለ መሄድ በ1902 ፊልም የሠራው ታላቁ ዦርዥ ሜልየስ እንኳ ኪሳራና ምሬት ቢጸናበት፥ በ1923 የራሱን ፊልሞች በገዛ እጁ አቃጠለ። ኋላም በፓሪስ ባቡር ጣቢያ የልጆች መጫወቻ ይሸጥ ነበር።

ላንግልዋ ይህን ጥፋት ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። በ1935 ከወዳጁ ከዦርዥ ፍራንዡ ጋር የሲኒማ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1936 ደግሞ ዛሬም ያለውን የፈረንሳይን የፊልም ቤተ መዛግብት መሠረቱ። መጋዘን ስላልነበረው ፊልሞቹን በቤቱ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያከማች ነበር። ቀጥሎም ሽማግሌው ሜልየስ በሚጦርበት ሥፍራ አንድ ባዶ ቤት ተከራዩና ቁልፉን ለእርሱ ሰጡት። የራሱን ሥራ ያቃጠለ ሰው የሌላውን ሥራ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

የጀርመን ጦር ፓሪስን በያዘ ጊዜ ላንግልዋ ፊልሞቹን በወዳጆቹ ቤትና በየምድር ቤቱ ይሸሽግ ነበር። ከረዳቶቹ አንዷ የሆነችው አይሁዳዊቷ ሎቴ አይስነር፥ ራስዋም በሐሰት ስም ተሸሽጋ ሳለች፥ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በአንድ አሮጌ ግንብ ውስጥ የተደበቁትን ትጠብቅ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ስድሳ ሰው ብቻ በሚይዝ አዳራሽ ማሳየት ጀመረ። አሳቢውን ፊልም ከቀልደኛው፥ የሩሲያውን ከአሜሪካው፥ የትናንቱን ከሠላሳ ዓመቱ አቀላቅሎ ያሳይ ነበር፤ የጃፓኑንም ትርጉም ሳይኖረው ያሳያል። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያዩ ከነበሩት ወጣቶች መካከል ኋላ የፈረንሳይን ሲኒማ የለወጡት ትሩፎና ጎዳር ይገኙበታል። በለንደን ተመሳሳይ ሥራ የያዘው ኧርነስት ሊንድግሬን፥ ፊልም በታየ ቍጥር ስለሚያልቅ መጠበቅ ይቀድማል ባይ ነበር። ላንግልዋ ደግሞ ያልታየ ፊልም እንደ ሞተ ይቈጥረው ነበር። ለነገ የሚጠቅመውን ዛሬ መለየት ስለማንችል ሁሉም ይቀመጥ የሚል እምነትም ነበረው።

ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል፤ ሰውየው መዝገብ አያውቅም ነበር። ምን እንዳለው፥ የት እንዳለው በራሱ ጭንቅላት ብቻ ይይዝ ነበር። በ1959 ከፊልሞቹ ብዙዎቹ በእሳት ጠፉ፤ ሌሎችም በአያያዝ ጉድለት ተበላሹ። በ1968 የካቲት ውስጥ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ መሥሪያ ቤቱ ሥርዐት የለውም በማለት ከሥራው ቢያስወጡት፥ ወጣቶቹ አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስም በዱላ በተናቸው። ቻርሊ ቻፕሊንን የመሰሉ ታላላቅ የሲኒማ ሰዎችም ከሩቅ አገር ተቃወሙ። በሚያዝያ ወር ወደ ቦታው ተመለሰ። በ1974 አሜሪካኖች የክብር ኦስካር ሸለሙት፤ በጥር 1977 ዐረፈ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ቀድሞ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ለማስወገድ ከተሰየመው ኮሚቴ አንዱ አባል እኔ ነበርሁ። ከመጋዘኑ ጥግ ዝገት የበላቸው አራት የፊልም ቆርቆሮዎች ተገኙ። በላያቸው ያለው ጽሕፈት ደብዝዞ ነበር። ከፍቶ ማየት ሥራ የሚያበዛ ስለ መሰለን፥ ልዩ ልዩ አሮጌ ዕቃ ተብለው ተጻፉ፤ እኔም ፈረምሁ። ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር በመኪና ተጭነው ሄዱ። የቀድሞ ተማሪዎች መልክ ይሁን፥ ያለፈ በዓል ይሁን፥ ምን እንደ ነበረባቸው ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ላንግልዋ ፍቅር እንጂ መዝገብ አልነበረውም፤ እኛ ደግሞ መዝገቡን ይዘን ፍቅሩን አጣን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፥ በየመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ስንት ፊልም፥ ስንት ፎቶግራፍ፥ ስንት የድምፅ ክር ተጥሎ ይሆን? ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ማስወገጃ ወረቀት የምትፈርሙ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ቆርቆሮውን ክፈቱ፤ የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አስመርምሩ፤ ስሙን በመዝገብ ጻፉ፤ ለቤተ መዛግብትም አስታውቁ። የአንድ ቀን ድካም ነው። እኔ ያን አንድ ቀን ነፍጌ ያጠፋሁትን በዕድሜዬ ሙሉ ልመልሰው አልችልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ