አለቃ ገብረ ሐና

አለቃ ገብረ ሐና ደስታ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ የአቋቋም መምህርና በቀልድ አዋቂነታቸው በመላው ኢትዮጵያ የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1814 ዓ.ም. በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ያረፉት በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው።

ሕይወትና ትምህርት

አለቃ ቅኔን፣ አቋቋምንና ፍትሐ ነገሥትን ያወቁ ሊቅ ነበሩ። በጎንደር በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አስተምረዋል። ተክሌ የሚባለውን የአቋቋም ስልት የፈጠሩት እሳቸው ሲሆኑ፣ በትውፊት እንደሚነገረው እንቅስቃሴውን ያገኙት የሐይቅ ማዕበልና የሸምበቆ ውዝዋዜ አይተው ነው። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ስላልተቀበሉት ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ልጃቸውም በደብረ ታቦር አስፋፉት፤ ስልቱም በስማቸው ተጠራ።

ስውር ንግግራቸው

በአለቃ ዘመን ባለሥልጣንን ፊት ለፊት መንቀፍ አደገኛ ነበር። ስለዚህ ቀልዳቸው ቅሬታውን በግልጽ አይናገርም፤ ለሰሚው ይተወዋል። አህያ የሚነዳን አንድ ሰው በብዙ ቁጥር ሰላምታ ሰጡት ይባላል። ሰላምታው ነውር የለበትም፤ ሰውየው ግን ብቻውን መሆኑን ሲያስብ የተረፈው ሰላምታ ለማን እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል።

በዕለት ተዕለት አማርኛም ሰሚ እንዲሁ ያደርጋል። የቀረበለትን ወጥ ደህና ነው ብሎ የሚያልፍ እንግዳ አልነቀፈም። ሆኖም ጥሩ ወይም ግሩም ማለት ሲችል ዝቅ ያለውን ቃል በመምረጡ፣ ባለቤቲቱ ወጡ እንዳልጣፈጠው ትረዳለች። ያው ቃል ከታመመ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ምሥራች ነው፤ እዚያ የሚመዘነው ከሕመም ጋር ነውና። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1967 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባሰሙት ተከታታይ ንግግር እንዲህ ያለውን ግንዛቤ አብራርተዋል፦ ሰሚ የተባለውን፣ ሊባል ሲችል ከቀረው ጋር ያነጻጽራል።

ዝናቸው

ከጊዜ በኋላ ሌሎች የፈጠሯቸው ብዙ ቀልዶች በአለቃ ስም ይነገሩ ጀመር። ተናጋሪው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው ከተባለ፣ ሰሚ በተራ ቃል ውስጥ እንኳ ወርቁን መፈለግ ይጀምራል። በዚህም የተነሣ ዛሬ የትኛው ቀልድ በእርግጥ የእሳቸው እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሲሆን፣ የአቋቋም ስልታቸው ግን በአብያተ ክርስቲያናት ይገለገሉበታል።