ሮበርት ረሺድ ስታንሊ፦ በሰባ ዓመታቸው የሰለሙት ከንቲባ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ስለ ታላላቅ ዑለማዎችና ስለ ጀግኖች የተጻፈ ሞልቷል። በዚህ ጽሑፍ ግን ስለ አንድ ባለ ሱቅ ላወጋዎት እወዳለሁ። ሰውየው ከሠራተኛ ወገን የወጡ ሻይና አስቤዛ ነጋዴ ነበሩ፤ ኋላ የከተማቸው ከንቲባ ሆኑ፤ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ሰለሙ። ስማቸው ሮበርት ስታንሊ ይባላል፤ ከሰለሙ በኋላ ረሺድ የሚለውን ስም መረጡ። አላህ ይዘንላቸው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስታንሊ የተወለዱት በ1828 ነው። ለሹመት የበቁባት ስቴሊብሪጅ በእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር በስተ ምሥራቅ፣ በቴም ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። የከተማዪቱ ሕዝብ እንጀራ በጥጥ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ጥጡ ደግሞ የሚመጣው በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ከሚለቅሙበት ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ነበር። በ1861 አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ መርከቡ ቆመ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ተመጽዋች ሆነ። በመጋቢት 1863 የእርዳታ ኮሚቴው ለችግረኛው በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ኩፖን ልስጥ ቢል ሕዝቡ ተቆጥቶ ወጣ፤ ሱቆች ተሰበሩ፣ ፈረሰኛ ወታደር ገባ። ኩፖን የተቀበለ ሰው የት እንደሚገዛና ምን እንደሚገዛ ሌላ ይወስንለታል። ያ ሕዝብ የተቆጣው በዳቦው ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ክብሩ ተነክቶበት ነው። እኛም ሰደቃ የምናከፋፍል ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ አይከፋም።

ስታንሊ ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ከዚህ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1874 ነው፤ እስከ 1876 በወንበሩ ቆዩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ከንቲባ እኛ በምናውቀው መንገድ ከተማ የሚያስተዳድር ሹም አልነበረም። በ1835 በወጣው ሕግ መሠረት የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ በኅዳር ወር አንድ ሰው ይመርጥ ነበር። ተመራጩ ስብሰባ ይመራ፣ እንግዳ ይቀበል፣ በክብረ በዓል ቀን ሰንሰለት አጥልቆ ከፊት ይቆም ነበር። ደብዳቤውንና መዝገቡን የሚያንቀሳቅሰው የምክር ቤቱ ጸሐፊ ነበር። ስለዚህ ሹመቱ በአብዛኛው የክብር ነበር። ክብርን ይዞ ምን እንደሚሠሩበት ግን ለሰውየው የተተወ ነገር ነበር። ሁለት ጊዜ መመረጣቸውም ጓደኞቻቸው እንዳልጠሉባቸው ያሳያል።

ስታንሊ ከከንቲባነቱ ሌላ ዳኛም ነበሩ። ይህ በአካባቢው የታመነ ሰው ያለ ደመወዝ ተቀምጦ ጥቃቅን ክሶችን የሚያይበት ሥራ ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ሥራቸው ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካ ያለው ሰው ሠራተኛዬ እኔ ለምፈልገው እጩ ድምፅ ይስጥ ይል ነበር። እስከ 1872 ድረስ መራጩ የመረጠውን ሰው ስም በአደባባይ ጮክ ብሎ ስለሚናገርና ስለሚመዘገብ፣ ማን ማንን እንደመረጠ ለጌታው የተሰወረ አልነበረም። እንዳሻው የመረጠ ሠራተኛ በማግስቱ ከሥራ ሊባረር ይችላል፤ ሚስትና ልጆቹም አብረውት ይራባሉ። ስታንሊ በጌቶቻቸው ሐሳብ ባለመምረጣቸው ለተባረሩ ሠራተኞች መደጎሚያ የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። ልብ ይበሉ፣ ሰውየው ራሳቸው የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ነበሩ። ከዚህም በላይ ነጋዴ ናቸው፤ ነጋዴ ደግሞ ባለ ፋብሪካን አስቀይሞ ገበያው እንዳይጎድልበት መፍራቱ የታወቀ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የመጀመሪያው ሙስሊም ከንቲባ ብለን ልንመካባቸው ይቃጣን ይሆናል። ይህ ግን ትክክል አይሆንም። ከሥልጣን የወረዱት በ1876፣ የሰለሙት በ1898 ነውና በመካከሉ ሃያ ሁለት ዓመት አለ። ፈንዱን ያቋቋሙት ሙስሊም ሆነው አይደለም። ጎረቤታቸው ሲበደል አይተው እንጂ ማንም አዟቸው አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ታሪካቸውን አያሳንሰውም፤ ለድሃ ያዘነ ልባቸው ወደ ኢስላም ሲደርስ ባዕድ ቤት የገባ አይመስለኝም።

ወደ ኢስላም ያቀረባቸው የሊቨርፑሉ ጠበቃ ዐብዱላህ ኩዊሊያም ነበር። ኩዊሊያም በ1887 ሰልሞ በ1889 በሊቨርፑል ብሩም ቴራስ በሚባለው ሰፈር መስጂድ የከፈተ ሰው ነው። ያ ጀመዓ ድንጋይ ተወርውሮበታል፣ ተሰድቧል፤ እንዲያም ሆኖ አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት ቤት ከፍቷል፣ ከ1893 ጀምሮ ደግሞ ጨረቃ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አሳትሟል። ስታንሊ ከኩዊሊያም ጋር የተዋወቁት ፖለቲካውን ትተው ባረፉበት ጊዜ ነው። በዕድሜ ሃያ ስምንት ዓመት ይበልጡታልና ወዳጅነታቸው የአባትና የልጅ ያህል እንደነበር ይነገራል። ነገሩን ገልብጠው ይዩት፤ ልጅ የሚሆነው አስተማሪ፣ አባት የሚሆኑት ተማሪ ነበሩ። ሰባ ዓመት ኖሮ፣ ዳኛና ከንቲባ ተብሎ ተከብሮ፣ ከልጅ እግር ሰው ዘንድ ቁጭ ብሎ መማር ለብዙዎቻችን የሚከብድ ነገር ነው።

ከሰለሙ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በመስጂዱ ጋዜጣ ላይ ስለ እንግሊዝ የቅኝ ግዛት አገዛዝ አዘውትረው ይጽፉ ነበር። ያ ዘመን እንግሊዝ ብዙ ሙስሊም ሕዝብ የምትገዛበት ስለነበር፣ ይህን ማንሳት ለአንድ የቀድሞ የወግ አጥባቂ ከንቲባ ቀላል አልነበረም።

በስቴሊብሪጅ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ታሪካቸውን ያጠናች ከዘራቸው የሆነች ጸሐፊ በዚያን ጊዜ በከተማዪቱ ሌላ ሙስሊም አላገኘችም። እስቲ ያስቡት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ለአርባ ዓመት በሚያውቅዎት ሰፈር፣ ረመዳን ሲገባ አብሮዎት የሚያፈጥር አንድ ሰው እንኳ የለም። ኋላ ወደ ማንቸስተር ተዛወሩ። በዚያች ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የመጡ የሞሮኮና የሶሪያ ሰዎች ነበሩ። በ1908 ኩዊሊያም አገር ለቆ ወደ ኢስታንቡል ሲሄድ የሊቨርፑሉ ጀመዓ ተበተነ። ስታንሊ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ኖረው በ1911 በማንቸስተር ወደ አኼራ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው የሚያሳዝነው። መስጂዱ የነበረበት ቤት የከተማው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ቢሮ ሆኖ፣ ሰላት የተሰገደበት ክፍል የመዝገብ ማከማቻ ሆኖ ኖረ። ቤቱ ለሰላት እንደገና የተከፈተው በ2014 ነው። የስታንሊ መስለም ደግሞ በቤተሰባቸው ዘንድ በዝምታ ታለፈ። ልጅ ለልጅ ልጅ አልነገረም። ከንቲባነታቸው ሲታወስ ረሺድነታቸው ተቀበረ፤ ሰማንያ ሰባት ዓመትም እንዲሁ ሆነ።

በ1998 ዘሮቻቸው የቤተሰባቸውን ሐረግ ሲቆጥሩ ነገሩን አገኙት። የሚገርመው፣ ከእነዚህ ዘሮቻቸው አንዱ ወጣት ከዚያ አስቀድሞ በ1991 ሰልሞ ነበር። በቤተሰቡ የመጀመሪያው ሙስሊም እኔ ነኝ ብሎ ሰባት ዓመት ሲሰግድ ቆይቶ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የቀደሙት አያት እንዳሉት የሰማው ያን ጊዜ ነው።