የእረኛው ልጅና የስፔይ ወንዝ ድልድይ

በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ ክሬጌላኪ ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ፣ የስፔይን ወንዝ የሚያሻግር አሮጌ የብረት ድልድይ አለ። ለሥራ ወደዚያ አካባቢ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አየሁት። መሐሉ ላይ ቆሜ ሳላስበው ረጅም ሰዓት አሳለፍኩ። የነደፈው ቶማስ ቴልፎርድ ነው። ስሙን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን ግን ያነበብኩት ከዚያ ጉዞ ስመለስ ነው።

ቴልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1757 ዓ.ም በደቡብ ስኮትላንድ፣ ኤስክዴል በተባለው ሸለቆ ተወለደ። አባቱ የበግ እረኛ ነበር፤ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እናቱ በድህነት አሳደገችው። እሱም በግ እየጠበቀ አደገና ለድንጋይ ጠራቢ ተቀጥሮ ሙያ ለመደ። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ማታ ማታ መጽሐፍ ያነብ፣ ግጥምም ይጽፍ ነበር። በ1782 ለንደን ገብቶ በሶመርሴት ሐውስ ግንባታ ላይ በግንበኝነት ሠራ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሽሮፕሸር አውራጃ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ ሆነ።

ከብረት ጋር ያስተዋወቀው ጎርፍ ነው ማለት ይቻላል። በ1795 የሰቨርን ወንዝ ሞልቶ ድልድዮችን ሲያፈርስ፣ በ1779 የተሠራው የኮልብሩክዴል የብረት ድልድይ ሳይነካ ቀረ። ቴልፎርድ በዓመቱ ቢልድዋስ ላይ የራሱን ሠራ። የእሱ ድልድይ ከኮልብሩክዴሉ በርዝመት እየበለጠ የፈጀው ብረት ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። (ለቁጠባ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ኃይሉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ገብቶት ስለነበር ነው።)

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የደጋማው ስኮትላንድ ሥራው ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው መሬቱን እየለቀቀ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። መንግሥት ምክንያቱን እንዲያጠና ቴልፎርድን ላከው። እሱም ባለመሬቶቹ ሰውን እያስነሱ በጎች ማርባታቸው ዋናው ሰበብ መሆኑን በሪፖርቱ አመለከተ። ይህን የጻፈው የእረኛ ልጅ መሆኑን ልብ በሉ። መፍትሔ ያለው መንገድና ድልድይ ነበር፤ ለሰዉ ሥራ ይሰጣል፣ አገሩንም ይከፍታል ብሎ። በ1803 ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የመንገዶቹን ወጪ መንግሥትና ባለመሬቶች እኩል ተካፈሉት። በ18 ዓመት ውስጥ 1,480 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ከ1,000 በላይ ድልድዮች ተሠሩ። ስደቱ ግን አልቆመም። መንገድ ብቻውን መሬቱን ላጣ ሰው መሬት አይመልስለትም፤ ቴልፎርድ ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም።

የክሬጌላኪው ድልድይ ከ1812 እስከ 1814 የተሠራ ነው። ብረቱ ዌልስ ውስጥ፣ ፕላስ ኪናስተን በተባለ ቦታ በዊልያም ሐዝልዲን ማቅለጫ ተቀረጸ። ከዚያ በቦይ ተጓዘ፤ በመንገዱም ያለፈው ራሱ ቴልፎርድ በ1805 ባስመረቀው፣ ከወንዝ በላይ 38 ሜትር ከፍ ብሎ ጀልባ በሚያሻግረው የፖንትከሲልቴ የውኃ ድልድይ ላይ ነበር። ቀጥሎ በባሕር እስከ ስፔይ አፍ፣ የቀረውን በጋሪ። አንዱ ቅስት ብቻውን 46 ሜትር ገደማ ይዘረጋል።

በነሐሴ 1829 አካባቢው እስካሁን የሚያወራለት ጎርፍ መጣ። ብዙ ድልድዮች ሄዱ፤ ይህ ቅስት ቀረ። ስኮትላንድ ውስጥ በተመሳሳይ ንድፍ ሠርቶት የነበረው የቦናር ድልድይ ግን በ1892 በጎርፍ ተወስዷል።

ቴልፎርድ ሳያገባ ኖሮ በ1834 ለንደን ውስጥ ሞተ። የተቀበረው በዌስትሚንስተር አቢ ነው። በኑዛዜው ካወረሰው ገንዘብ ላይ ለትውልድ አካባቢው ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መግዣ ትቷል።

የክሬጌላኪው ድልድይ በ1960ዎቹ ተጠግኖ፣ በ1972 አጠገቡ የኮንክሪት ድልድይ ሲሠራ ለመኪና ተዘጋ። አሁን እግረኛና ብስክሌተኛ ያልፍበታል። ከጫፉ ካሉት የድንጋይ ማማዎች ላይ፣ ብረቱ የት እንደተቀረጸ የሚናገረው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል።