ዶክተር ሄንሪ ቤኔትና ላስታ ዘግይቶ የደረሰው ምክር

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚጓዝ ባለሙያ በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ምድር ያያል። አንደኛው አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ የወጣ፣ ባለቤቶቹም እንጨት አጥተው ኩበት የሚያነዱበት ተዳፋት ነው። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው የጥድ ደን ነው። ይህን ደን ለዘመናት ያቆየው የካህናቱ ጥበቃና የምእመናኑ አክብሮት እንጂ የእርሻ ባለሙያ ምክር አይደለም። ምክሩ ለላስታ ገበሬ ስለ ምን እንደ ዘገየ መረዳት የሚሻ ሰው ግን፣ ከዚህ ደጋ እጅግ ርቆ ከተወለደ አንድ የትምህርት ሰው ታሪክ መጀመር ይኖርበታል።

ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት በ1879 ዓ.ም. በአሜሪካ በአርካንሶ ግዛት ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።) የሰባኪ ልጅ ነበሩ። ሥራቸውን በመምህርነት የጀመሩ ሲሆን፣ የዶክተርነት ማዕረጋቸውንም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በእርሻ ሳይሆን በትምህርት ሙያ ነው። በ1920 ዓ.ም. የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነው ከ20 ዓመት በላይ አገለገሉ።

ይህ ኮሌጅ የመንግሥት መሬት ተሰጥቷቸው እንዲቋቋሙ በ1854 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከተመሠረቱት አንዱ ነው። በ1906 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በእነዚህ ኮሌጆች የተገኘው እውቀት እስከ ገበሬው ደጃፍ እንዲደርስ የሚያስችል በጀት መደበላቸው። ማስተማር፣ መመራመርና ገበሬውን መምከር በአንድ ጣራ ሥር ዋሉ። የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ምክሩ ወደ ገበሬው መውረዱ ብቻ ሳይሆን የገበሬው ጥያቄ ወደ ቤተ ሙከራው መውጣቱ ነው።

አሠራሩም በ1920ዎቹ ዓመታት በከባድ ፈተና ውስጥ አለፈ። ድርቅ በኦክላሆማ ወደቀ፤ ነፋሱ የታረሰውን አፈር እየጠረገ ወሰደ፤ ብዙ ቤተሰብም ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። በመጋቢት 1927 ዓ.ም. ነፋስ ለመከላከል ከተተከሉት የዛፍ መቀነቶች የመጀመሪያው ዛፍ በምዕራብ ኦክላሆማ ተተከለ። ሥራው የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት እንጂ የቤኔት አልነበረም፤ ሆኖም ችግኙ የተተከለው በገበሬው በራሱ መሬት ላይ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ፈቃድና እንክብካቤ የሚጸድቅ አልነበረም። ከብት ማሰማራት ያለበት የት እንደሆነ ከገበሬ ጋር መስማማት፣ ለላስታም ሆነ ለኦክላሆማ የደን ባለሙያ ከተከላው የበለጠ ሥራ ነው።

ዶክተር ቤኔት በ1942 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አገሪቱን ተዘዋውረው ከተመለከቱ በኋላ በኦክላሆማው አምሳል የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም አሳሰቡ። በ1943 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትሩማን የፖይንት ፎር የቴክኒክ እርዳታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ኢትዮጵያና አሜሪካ የትብብሩን ስምምነት ተፈራረሙ። ፍሬውን ለማየት ግን አልታደሉም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሕይወታቸው አለፈ።

ከአምስት ወር በኋላ ኮሌጃቸው ከኢትዮጵያ ጋር ውል ገባ። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ገና ሕንፃው ሳይጠናቀቅ የኤክስቴንሽኑን ሥራ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1946 ዓ.ም. ኦክላሆማ ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ።

በ1955 ዓ.ም. ኤክስቴንሽኑ ከዓለማያ ተነሥቶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። ውሳኔው ምክንያት አልነበረውም አይባልም፤ ሚኒስቴሩ በየጠቅላይ ግዛቱ መዋቅር ነበረውና። ነገር ግን የገበሬው ጥያቄ ወደ መምህሩና ወደ ተመራማሪው የሚመለስበት መንገድ በዚሁ ተቋረጠ። በ1964 ዓ.ም. የተጀመረው የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም ደግሞ ክረምት ከበጋ መኪና የሚያስኬዱ መንገዶችን ተከትሎ የተዘረጋ ነበር። በክረምት በበቅሎ ብቻ ይደረስባቸው የነበሩ የላስታ መንደሮች በዚህ መለኪያ ከዳር ቀሩ። ወዲያው በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ደረሰ። ረሃቡን የምክር ማነስ ብቻ አመጣው ማለት ዝናቡንም፣ የመሬት ስሪቱንም፣ ችግሩን የደበቁትን ሹማምንትም ነፃ ማውጣት ይሆናል፤ ነገር ግን የታጠበ አፈር ላይ የወደቀ ድርቅ ጉዳቱ እጥፍ መሆኑ የታወቀ ነው።

ዛሬ በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ተመድቧል፤ የሲሪንቃ የምርምር ማዕከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በሰሜን ወሎ ይገኛሉ። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለምሰሶና ለገበያ ስለሚደርስ፣ የላስታ ገበሬ ከጥድ አስቀድሞ እርሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ከምንጭና ከገብስ ማሳው አርቆ እንዲተክለው፣ ጥዱንና ወይራውን ደግሞ ከብት በማይደርስበት የተከለለ ተዳፋት እንዲያጸድቅ መምከር ይቻላል። በምን ያህል ርቀት፣ በየትኛው አፈር፣ ከየትኛው ዛፍ ዘር ተለቅሞ የሚለው ግን በላስታ ምድር ላይ ተሞክሮ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።